ይዘት፣ ጭረት፣ ይዘት

የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጣቢያ ሲፈልግ፣ ከሬዲዮኑ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማ ዓይነት ሽውታ ይወጣል። እሱ ቶሎ ያልፈዋል። የእኔ ጆሮ ግን እዚያው ይቀራል።

ጎንደር ተማሪ ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን ከአሮጌ ሬዲዮ ዕቃ የሠራት ትንሽ ማስተላለፊያ ነበረችው። ንግግር አትልክም፤ አጭርና ረጅም ጩኸት ብቻ። ቀን መብራት ስለማይኖር በባትሪ ትሠራለች፤ ጉልበቷም የእጅ ባትሪ አምፖል ከማብራት አይበልጥም። "ሌላው ይጩኽ፤ እኛ በሹክሹክታ አስመራ እንደርሳለን" ይለን ነበር።

አባቴ የደብራችን መሪጌታ ነው። ቦታውን እኔ እንደምወርሰው አይጠራጠርም ነበር። ዜማ ቤት መሄድ ትቼ ከመምህሩ ጋር ማምሸት ስጀምር የሰፈር ልጆች "ዲያቆን ሽቦ" አሉኝ። አባቴ ይህን ሰማና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነጭ ጥምጥሙን እንዳደረገ፣ መቋሚያውን ይዞ የመምህሩ ክፍል በር ላይ ቆመ።

"አየር ላይ የምታነጋግሩት ማንን ነው?"

"ሰው ነው፣ የኔታ" አለ መምህሩ ከመቀመጫው እየተነሣ። "አስመራ ያለ ሰው።"

"እንግዲያስ ይመልስ። ከመለሰ ልጁ ይማር፤ ካልመለሰ ዛሬውኑ ወደ ዜማው ይመለሳል።"

መምህሩ ጩኸቱን የምትልከውን መምቻ ይነካካ ጀመር። ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ከላያችን ይንጣጣል። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። ምንም።

"ምነው ጮክ ብለህ አትጠራውም?" አለ አባቴ።

"አቅማችን ይኸው ነው፣ የኔታ። የቀረው የሰሚው ነው።"

አባቴ መቋሚያውን አነሣ። "በል ተነሥ" አለኝ። ይህን ጊዜ ከመቀበያ ሬዲዮው ሽውታ ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ። መምህሩ የጆሮ ማዳመጫውን ዘረጋለት፤ በጥምጥሙ ላይ ግን አልገባ አለ። አባቴ አመነታ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጥምጥሙን አወለቀና ጭኑ ላይ አኖረው። ከቤት ውጭ ራሱን ገልጦ አይቼው አላውቅም ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል።

ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ጣቱ ጠረጴዛው ላይ፣ በድጓ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች መጻፍ ጀመረ፤ ለአጭሩ ድምፅ ይዘት የሚባለውን ነጥብ፣ ለረጅሙ ጭረት የሚባለውን ሰረዝ።

"ይዘት፣ ጭረት፣ ይዘት" አለ። "ይቺን ይደጋግማታል። ምን ማለቱ ነው?"

"'ተቀብያለሁ' ማለቱ ነው" አልሁት።

"ሸጋ ነው። ዜማ ግን አያውቅም፤ ሁሉን ባንድ ድምፅ ነው የሚለው።"

መምህሩ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ቃሉን ግን ጠበቀ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የተነሣሁ ዕለት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ስለነበር ንግግር አይሰማም። ሊሸኘኝ የመጣው አባቴ በወንበሩ የሚተካው ሌላ ልጅ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። "ዜማውን አልረሳም!" ብዬ በመስኮቱ ጮኽሁ። የሰማኝ አልመሰለኝም። ጠጋ አለና መስኮቱ ላይ ባለው አቧራ በጣቱ ጻፈ፤ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ነጥብ። ከውጭም ከውስጥም ቢያነቡት ያው ነው።

እስከ ባሕር ዳር ድረስ ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲያ አዲስ አቧራ ሸፈነው።