የሙሚና ድንጋዮች

ጎረቤቴን ሙሚናን የከሚሴ ልጆች «ሀዳ ዳጋ» ይሏታል፤ የድንጋይ እናት ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት እናቶቻቸው ናቸው፣ ልጅ ስላልወለደች። ትሰማለች፣ ግን ዞር ብላ አታይም።

በወጣትነቷ ጨፋ ሜዳ ላይ የውኃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ሰዎች ምግብ ታበስል ነበር። ከመካከላቸው አንዱ መሐንዲስ ከመሬት የሚወጣውን ድንጋይ እያሳየ፣ ብረት ያለበትን ከሌለው መለየት አስተማራት። ሰዎቹ ሲሄዱ ትምህርቱ እሷ ዘንድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ባቲ ገበያ በወረደች ቁጥር ከአፋር ግመለኞች ድንጋይ በስኳር ትለውጥ ነበር።

ድንጋዮቹን በእንቁላል ካርቶን ውስጥ አንድ በአንድ ደርድራቸዋለች። በእያንዳንዱ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፋ የመጣበትን ቦታና ዓመት ጽፋበታለች። አምስት ካርቶን ሞልቶ ነበር። መፈተኛዋ ቀላል ነው፤ ነጭ ሴራሚክ ገልብጣ ሻካራው ጀርባ ላይ ድንጋዩን ትፍቀዋለች። ሄማታይት የሚባለው የብረት ድንጋይ ውጪው ጥቁር ሆኖ ሳለ እንደ በርበሬ የቀላ መስመር ያወጣል። ማግኔታይት ከተሰበረ ራዲዮ ባወጣችው ማግኔት ላይ ይጣበቃል። ጋሊና በቢላ የተቆረጠ ይመስል አራት ማዕዘን ነው፤ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው አጠገቧ ተቀምጬ ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ እህል ነጋዴው ሙጂብ ሁለት ወንዶች አስከትሎ መጣ። በሬውን ሸጦ ባቲ ላይ ከአንድ መንገደኛ የገዛውን ቢጫ ድንጋይ በመሀረብ ቋጥሯል።

«እቴ ሙሚና፣ ወርቅ መሆኑን ለነዚህ ንገሪልኝ። አላመኑኝም» አላት።

ሙሚና ወንድ ፊት ተቀምጣ መሥራት ታፍራለች። ድንጋዩን ተቀብላ ጓዳ ገባች። እኔ በሩ ሥር ምስር እየለቀምኩ ነበርና አያታለሁ፤ ሴራሚኩ ላይ ፋቀችው፣ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፣ ያንኑ ይዛ ወጣች።

«ወርቅ ቢሆን መስመሩ ቢጫ ነበር። የዚህ ጥቁር ነው። ፓይራይት ይባላል። አላህ ይተካልህ፣ ሙጂብ።»

ከወንዶቹ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። «በሬህን ድንጋይ በላብህ በለኛ!»

የሙጂብ ፊት ተለዋወጠ። «ጓዳ ይዛው ስትገባ ወርቅ ነበር!» አለ። «ለውጣዋለች!»

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ክሱን ሊሰሙ ግቢዋ ተቀመጡ፤ የሰፈሩ ሰው አጥሩን ሞላው። ሸህ ሙሀመድአሚን «ስትፈትነው ያየ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ሙሚና ወደ እኔ አየች። ያን ያህል ወንድ ባለበት ድምፄን አሰምቼ አላውቅም። ሻሼን ወደ አፌ ሳብኩት።

ሙጂብ ካርቶኖቹን ሲበረብር አንድ ቢጫ ድንጋይ አገኘ። «ይኸው የኔ!»

«እሱን ያገኘሁት ከስምንት ዓመት በፊት ነው፣ ፕላስተሩን አንብቡት» አለች ሙሚና። «ካላመናችሁኝ መዶሻ አምጡ። ወርቅ ከሆነ ይጠፈጠፋል እንጂ አይደቅም።»

መቱት። ደቀቀ። የክብሪት ሽታ ሸተተ። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው እሱን ነበር።

«እንግዲያው የኔን ቀለም ቀብታ ከሌሎቹ ጋር ደባልቃዋለች» አለ ሙጂብ።

«ጥርጣሬ አይቅር፤ ሁሉም ይሰበር» አሉ ሸሁ።

መዶሻው የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት እስኪደርስ አላቋረጠም። «ይኼኛውስ?» ሲሏት ስሙን ትናገራለች፤ ተናግራ ሳትጨርስ ይመቱታል። ጋሊናው እየተሰበረ እንኳ ስባሪው ሁሉ አራት ማዕዘን ነበር።

«ሀዳ ዳጋ! ልጆችሽ አለቁ፣ ሰደቃው መቼ ነው?» አለች አንዲት ሴት ከአጥሩ ማዶ። ሰው አውካካ።

ወርቅ አልተገኘም። ይቅርታ የጠየቃትም የለም። ሙጂብ «ብልጥ ናት» ብቻ አለ፤ ስባሪውን በጋሪ አስጭኖ መጋዘኑ ፊት ያለውን ጭቃ ሞላበት። ዝናብ ሲያባራ ያብለጨልጫል። አህዮች ይረግጡታል።

ሰሞኑን ከዚያ አንድ ስባሪ አንስቼ ወሰድኩላት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ጓዳ አልገባችም። ሴራሚኩን አውጥታ ደጃፉ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ ፋቀችው። ቀይ መስመር ወጣ።

«ሄማታይት ነው» አለች። «ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም። ፕላስተሩ የለም።» መዳፌ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «የሰጠሽኝን ያንኑ ነው የመለስኩልሽ፣ ዙቤይዳ? አይተሻል?»

«አይቻለሁ» አልኳት።

«ደህና። ካነሳሽበት መልሺው።»