ተገልብጠው የተሰቀሉት ቀሚሶች

ዝናሽ መካነ ብርሃን ተወልዳ ጎንደር የገባችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ በአጎቷ የስፌት መኪና፣ ኋላም በራሷ፣ ቀሚስ ስትጠልፍ ይኸው አርባ ዓመት አለፋት። አልወለደችም። የእህቷን ልጅ ፀደይን ግን ከአምስት ዓመቷ ጀምራ አሳደገቻት፤ ልጅቱም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ተምራ፣ በኮምፒዩተር የልብስ ንድፍ የምታወጣ ዲዛይነር ሆነችላት።

ባለፈው ዓመት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ፀደይ፦

"አክስቴ፣ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ" አለቻት።

"ምነው? እዚህ ምን ጎደለብሽ?"

"ሰው ነዋ። ስለ ሥራዬ የማወራው ሰው የለኝም። አንዱ ሱቅ ስገባ ሥራውን ይሸፍንብኛል፤ ሌላው 'ልትቀጂ መጣሽ?' ይለኛል። ብቻዬን አረጀሁ እኮ።"

"በሃያ አራት ዓመትሽ!"

ተሳሳቁ። ልጅቱ ግን እውነቷን ነው። የእነሱ ሰፈር ጥልፍ ሠሪ ንድፉን ከጎረቤት ይደብቃል። ያለቀውን ቀሚስ እንኳ ገልብጦ ነው የሚሰቅለው፤ ባለቤቲቱ እስክትወስደው ፊቱን የሚያየው የለም። እንዲህ ባለ አገር ልጅ ማስቀረት በምን ይቻላል?

ሁለት ሳምንት ሙሉ በዝናብ ጃንጥላዋን ይዛ ከሱቅ ሱቅ ዞራ ጥልፍ ሠሪዎቹን ጠራች። "እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ አንድ አንድ ሥራ ይዛችሁ ኑልኝ። ዳቦና ጠላ አለ።" ከጎረቤት ካለ የሕፃናት መዋያ አንድ ክፍል ለመነች።

አሥራ አራት ጥልፍ ሠሪ መጣ። ወንበሩ የሕፃን ነውና የሰፈሩ ትልቅ ጥልፍ ሠሪ አያ እንግዳው ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደረሰ። ሁሉም ያመጣውን ቀሚስ በተዘረጋው ገመድ ላይ ሰቀለ። አቤት! አሥራ አራቱም ተገልብጠው።

"እና ይኼ ኤግዚቢሽን ነው ወይስ የልብስ ማስጫ?" አለ እነሱን ተከትሎ የመጣው ማስታወቂያ ሠሪ ምንይችል። ራሱ ብቻ ሳቀ።

ፀደይ ንድፏን ልታሳይ የከፈተችውን ላፕቶፕ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ዝናሽ አየቻት። ልትናገረው ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። እግሯ ወደ ገመዱ ወሰዳትና የአንዱን ቀሚስ ጀርባ በጣቷ ዳበሰችው።

"ይኼ የአያ እንግዳው ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"ክር ሲያልቅብዎ ሁለቴ ይቋጥራሉ።"

ወደ ሌላው አለፈች። "እዚህ ላይ መርፌ ተሰብሯል። ይኼኛው ለሠርግ ነው፣ ተቻኩሏል። ይኼ ደግሞ… የዚህ ሠሪ እዚህ ጋ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ክሩ ላልቷል።"

"የኔ ነው" አለች ወርቅአፈራሁ የምትባለው ሴት ቀስ ብላ። "በዚያ ሳምንት ነው እናቴን የቀበርሁ።"

ዝናሽ አርባ ዓመት የደበቀችውን ያን ጊዜ አወጣችው።

"አጎቴ የቀሚሱን ፊት ከልክሎኝ ነው የተማርሁት። እሱ ገልብጦ ሲሰቅል እኔ ከጀርባው፣ ቋጠሮ ቋጠሮውን እየተከተልሁ። ሲሞት እንኳ አላመሰገንሁትም። ባመሰግነው መስረቄን ማመኔ ነዋ! እንጀራዬን የሰጠኝን ሰው እንደ ሌባ እንደተደበቅሁት ቀበርሁት።"

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አያ እንግዳው ለመነሣት ታገሉ።

"ምን ቁጭ ብለህ ታየኛለህ፣ ጎትተኝ እንጂ!" አሉት ምንይችልን። ተጎትተው ተነሡና ሄደው ቀሚሳቸውን ወደ ፊቱ መለሱት። ከደረት እስከ ጫፍ የወረደ አረንጓዴና ወርቃማ መስቀል፤ ውበቱ ያስደነግጣል። "ጀርባውን እንዲህ ካነበብሽው ፊቱን ማን ይከለክልሻል" አሉ።

ከዚያ ወርቅአፈራሁ የራሷን መለሰች። ከዚያ ሌላው። ትንሽ ቆይቶ ወሬው ዝናቡን አሸነፈው።

"አንቺ ልጅ፣ ያ ሣጥንሽ ውስጥ ያለውን አምጪው እስቲ" አሉ አያ እንግዳው ፀደይን፤ ላፕቶፑን ማለታቸው ነው። ከፍታ ስታሳያቸው ንድፉን አዩት። "መስቀሉ ሸጋ ነው፤ ክንዱ ግን ሰፋ። ሴቲቱ ስትቀመጥ ይጨማደዳል።"

"አያ፣ እኔ እንዲጨማደድ አይደለም የሣልሁት!"

"ጨርቅ አንቺን ይሰማል እንዴ?"

እስኪመሽ ተከራከሩ። ሲበተኑ አያ እንግዳው የተረፈውን ዳቦ በነጠላቸው ቋጠሩት፤ በማኅበር ወግ፣ የሚቀጥለው ወር በእርሳቸው ቤት ነው ማለታቸው ነው።

ሰኞ ፀደይ አዲስ አበባ ደወለች።

"አንድ ወር አስፈቀድሁ አክስቴ። በዚያ መስቀል አያ እንግዳውን ሳላሳምን አልሄድም። አንድ ወር ብቻ ነው፣ እንዳትጓጊ።"

"ማን ጓጓ?" አለች ዝናሽ፤ ክሩን ወደ መርፌው ለማስገባት ግን ሦስት ጊዜ ሳታት።