የየትኛው ፓርቲ?

አጎቴ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ታክሲ ነድተው፣ ዌስተርቪል ቤት ገዝተው ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ኖቬምበር ላይ በዋናው ምርጫ መምረጥ አያመልጣቸውም። ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡት ሰው በሚለይበት በፕራይመሪው ግን አንድም ጊዜ ወጥተው አያውቁም።

እኔ በዲቪ መጥቼ ዜግነት ያገኘሁት ገና በቅርቡ ነበር። በ2020 ማርች፣ ኮሮና ሁሉንም ከመዝጋቱ በፊት፣ ኖቬምበር ላይ የምንመርጠው አሁን ሌሎች የመረጡልንን ነው እያልኩ ወተወትኳቸውና ከምርጫው ቀን ቀድመን ኧርሊ ቮት ልናደርግ አብረን ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄድን።

መጀመሪያ የቀረብኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጡት አሮጊት መታወቂያዬን አይተው፣ ወረቀቱ በየፓርቲው የተለያየ ስለሆነ፣ የየትኛውን ፓርቲ የምርጫ ወረቀት እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ተናገርኩ፤ ሰጡኝ። ከኋላዬ አጎቴን ያንኑ ጠየቋቸው። ዞር ስል ፊታቸው አመድ መስሏል። ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚያውቁት ሰው፣ «ምንድን ነው ያለችኝ?» አሉኝ በአማርኛ። ነገርኳቸው። መታወቂያቸውን አንስተው ወጡ።

እንደ ምንም መርጬ ስወጣ መኪናው ውስጥ አገኘኋቸው። ግንባራቸውን መሪው ላይ አስደግፈዋል።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ እሳቸውንና የልብ ጓደኛቸውን አስቁመው የየትኛው ድርጅት አባል እንደሆኑ ጠየቋቸው። አጎቴ የለሁበትም አሉ። ጓደኛቸው እውነቱን ተናገረ። በማግስቱ ወሰዱት፤ እናቱ ሬሳውን እንኳ አላገኘችም።

ክው ብዬ ቀረሁ። ስንት ዓመት በአንድ ማዕድ ስንበላ ይህን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። በቃ ወደ ቤት እንሂድ አልኳቸው።

«ሴትዮዋ እኮ ምንም አላጠፋችም» አሉና ከመኪናው ወረዱ።

ተከተልኳቸው። እንደገና ተሰለፉ። አሮጊቷም በዚያው ትሕትና ደግመው ጠየቋቸው። አጎቴ ሰልፈኛው ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ ጮክ ብለው የፓርቲውን ስም ተናገሩ።

አሁንም ደነገጥኩ። እኔ ዓይኑን ማየት የማልፈልገው ፓርቲ ነበር።

ግሮቭ ሲቲ፣ የምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ድረስ እስኪያደርሱኝ መንገዱን ሙሉ ተከራከርን። እኔ ስጮህ እሳቸው ይብሳሉ። ከእሳቸው ጋር ስለ ፖለቲካ ሳወራ የመጀመሪያዬ ነበር። በሩን ከፍቼ ስወርድ መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

«ከሺፍት ስትወጪ ኮል አድርጊልኝ፤ አላሳመንሽኝም» አሉኝ።