ወደ ሹዋ ወንዝ የሦስት ሳምንት ዝግጅት

የዓለምወርቅ ኖርዌይ አገር፣ ላምበርትሴተር በሚባል ሰፈር በሚገኘው የአረጋውያን መኖሪያ ስትሠራ አምስት ዓመቷ ነበር። እሷና ጓደኞቿ እንደ ኖርዌጂያኖቹ «ሲኬየም» ይሉታል። በ1996 ግንቦት መጨረሻ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ቱሪድ በእረፍት ሰዓት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሠራተኞቹ በሰኔ ወር አውቶቡስ ተከራይተው ወደ ሰሜን ሊሄዱ፣ በጎማ ጀልባ ሹዋ የሚባለውን ኃይለኛ ወንዝ ከአስጎብኚ ጋር ሊወርዱ ነው። ወረቀቱ ላይ «መዋኘት ትችያለሽ?» የሚል ጥያቄ አለ። ቱሪድ እስክርቢቶ ዘርግታ ቆማለች፤ ሌሎቹ ሞልተው ጨርሰዋል። የዓለምወርቅ «ያ»፣ ማለትም «አዎ»፣ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጫ አጣች። ያነጠፈችውን አልጋ ደግማ ታነጥፋለች። ባቡር ውስጥ ወንበር እያለ ቆማ ትሄዳለች፤ ሁለት ጊዜ ከመውረጃዋ አልፋ ሄዳለች። ቤቷ ስትገባ የመታጠቢያውን ሳህን ውሃ ሞልታ ፊቷን ትነክርና ትቆጥራለች። ከሰባት አልፋ አታውቅም።

ባሏ በየነ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ አያት።

«የዓለም፣ አልችልም በያቸውና ተገላገይ እንጂ! ምን ያስጨንቅሻል?»

«አምስት ዓመት ሙሉ አትችልም ሲሉኝ ነው የኖርኩት። ሪፖርት መጻፍ አትችልም፣ ስልክ ማንሳት አትችልም። ይሄን ደግሞ በገዛ አፌ ልበል?»

በየነ ፎጣ አቀበላት።

በማግስቱ ለሩቂያ ነገረቻት። ሩቂያ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እዚያው ማዕድ ቤት ትሠራለች።

«ሸዋ ነው ያልሽኝ? ሸዋ ለመሄድ ዋና ምን ያደርግልሻል?» ብላ ሳቀች። የጓደኛዋን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። «በይ፣ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ መዋኛ ገንዳ እወስድሻለሁ።»

የገንዳዋ አስተማሪ ጠና ያለች፣ አጭር ሴት ነበረች። «በሦስት ሳምንት ዋናተኛ አላደርግሽም፤ ውሃ ላይ መተኛት ግን አስተምርሻለሁ» አለቻት። መጀመሪያ ቀን የዓለምወርቅ እግሯ ከመሬት ሲነሳ የሴትየዋን አንገት አንቃ ያዘች። በሁለተኛው ቀን ውሃ በአፍንጫዋ ገባ። በአምስተኛው ቀን ጆሮዎቿ ውሃ ውስጥ ሰጥመው፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተተክሎ፣ ሰውነቷ ራሱን ችሎ ተንሳፈፈ። ያቺን አፍታ ብቻ ልቧ ዐረፈ። ልብሷን ስትለብስ ጭንቀቱ እንደገና ጀመራት።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ሩቂያ ተረኛ ስለነበረች ቀረች። ወንዙ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ተሰማ። ቆዳ ላይ የሚጣበቀውን የላስቲክ ልብስ አጠለቁ፤ የዓለምወርቅ የመንሳፈፊያ ጃኬቷን ማሰሪያ ትፈታለች፣ ታጠብቃለች፣ ደግሞ ትፈታለች። አስጎብኚው ወጣት መመሪያ ሰጠ፦ «ከወደቃችሁ ከውሃው ጋር አትታገሉ፤ በጀርባችሁ ተኙ፣ እግራችሁ ወደ ፊት ይሁን። መዋኘት የማይችል አለ?»

የዓለምወርቅ እጇን አነሳች።

«እንዴ! ያ ብለሽ አልነበር?» አለች ቱሪድ።

«ዋሽቼ ነው።»

ፊቷ ጋለ። አስጎብኚው ግን አልተቆጣም። «ጥሩ አደረግሽ። ሌላስ?» አለ። የጥገና ሠራተኛው አርነ፣ በር የሚያህል ሰው፣ እጁን እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ አነሳ።

አስጎብኚው ሁለቱን ወደ ረጋው ውሃ ወሰዳቸው። አርነ ገብቶ ዳር ላይ የታሰረውን ገመድ አልለቅ አለ። የዓለምወርቅ ዘላ ገባች፤ ቅዝቃዜው ትንፋሽ ነሳት፤ ከዚያ በጀርባዋ ተኛች። «በገደል መሐል የሚያልፈው የወንዙ ላይኛው ክፍል ለእናንተ አይሆንም» አላቸው ወጣቱ፤ «ከምሳ በኋላ ግን የታችኛውን ከእኔ ጋር ትወርዳላችሁ።»

እስከ ምሳ ድረስ ዳርቻው ላይ ስትንጎራደድ ቆየች። ጀልባው ሲነሳ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች። የመጀመሪያው ማዕበል ደረቷ ላይ ሲፈርስ «እመብርሃን!» ብላ ጮኸች፤ መቅዘፊያዋን ግን አልጣለችም። ዳር ሲደርሱ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ሳቋን ማቆም አቅቷት ነበር።

ነሐሴ ላይ እሷና አርነ በየሐሙሱ ለሚሰጥ የዋና ትምህርት ተመዘገቡ። አርነ ሁለት ጊዜ መጥቶ ቀረ። የዓለምወርቅ ግን አንድም ሐሙስ አላለፋትም፤ ጥልቁ ጋ ስትደርስ ግን አሁንም ጠርዙን ትይዛለች።