የክራር ቤቱ በር

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌም፣ ለእህቴም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሌላውን ግማሽ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ የሚያንቀኝ ያ የዋጥኩት ነው። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ አጻጻፌን እለፉትና ሥራዬን እዩት።

እዚህ ጭሮ፣ ከእኛ ሰፈር ወደ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ አንዲት ክፍል ቤት ነበረች። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት አስተማሪ ከቤቷ ባለቤት ከአዴ ፋጡማ ተከራይቷት፣ ከሰዓት በኋላ ለልጆች ክራርና ሥዕል ያስተምርባት ነበር። መምህር ታምራት እንለው ነበር። ግድግዳው ሁሉ የልጆች ሥዕል ነው፤ ግመል፣ ባጃጅ፣ የሂርና ሚኒባስ። የስምንት ዓመቷን ልጄን ትዕግስትን እዚያ አስገባኋት። ሰው ፊት ቃል የማይወጣት ልጅ ነበረች።

እኔ ፈሪ ነኝ። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት በርጩማ ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። እንዴት እንደሚያስተምር በዓይኔ አይቻለሁ። የልጁን ጣት ይዞ ክሩ ላይ ያስቀምጣል፣ ይለቃል፣ "አሁን ራስህ" ይላል። ለሴቷም ለወንዱም ያው ነው። ወር ሳይሞላ ልጄ ድምጿን አውጥታ ዘፈነች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ትዕግስት ከፋሲካ በኋላ ለወላጆች ቀን ልትጫወት ነበር። ብታቋርጥ ተመልሳ ዝም እንዳትል ፈራሁ። ብትቀጥል ደግሞ የአጥቢያችን ሰዎች "በጾም ልጇን ታዘፍናለች" እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሄድኩና፣

"መምህር፣ የትዕግስት ተራ ሲደርስ በሩንም መስኮቱንም ዝጋልኝ። ድምፁ ውጭ እንዳይሰማ" አልኩት።

"ሰዉ ምን ይላል፣ የትዕግስት እናት?"

"ጾሙ እስኪፈታ ብቻ ነው። ደግሞ ከእኔና ካንተ አይውጣ፤ በእናትህ!"

"እሺ እንግዲህ፣ እርስዎ ካሉ" አለኝ።

እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አስካለ፣ የአንዱ ተማሪ እናት፣ በሩ ተዘግቶ አገኘችው። ገፍታ ከፈተችውና ጮኸች። ስደርስ ደጃፉ በእናቶች ተሞልቷል። አዴ ፋጡማም መጥተዋል።

"ሴት ልጅ አስገብቶ በር መዝጋት የምን ክራር ነው?" ትላለች አስካለ።

"ወላሂ፣ ቤቴን የሰጠሁህ ለትምህርት ነው! ለምን ዘጋህ? ተናገር እንጂ!" አሉት አዴ ፋጡማ።

እሱ አልተናገረም። ዞሮ እኔን አየኝ።

አስካለ ጎንበስ ብላ ልጄን ጠየቀቻት። "ይነካሻል፣ የኔ ልጅ?"

"ጣቴን ይይዘኛል" አለች ትዕግስት።

ልጄ እውነቷን ነው፤ ጣቷን የሚይዘው ለምን እንደሆነ ግን ከዚያ ሁሉ እናት ተቀምጬ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

"አንቺስ፣ በር እንደሚዘጋ ታውቂ ነበር?" አለችኝ አስካለ።

"እኔ ምን አውቄ" አልኩ።

ሦስት ቃል። "እኔ ነኝ ያስዘጋሁት" ብልስ ሦስት ቃል አይደለም? ቢበዛ አንድ ሰሞን እታማ ነበር። እሱ አሁንም አፉን አልከፈተም። በእናትህ ብዬዋለሁና ቃሉን ጠበቀልኝ። በዚያው ሳምንት ክራሮቹን በአንሶላ ጠቅልሎ ሚኒባስ ላይ ሲጭን በአጥሬ ቀዳዳ አየሁት። ወጥቼ እንኳ ደህና ሁን አላልኩትም።

ፋሲካ አልፎ ለንስሐ አባቴ "ልጄን በጾም አዘፍኛለሁ" አልኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። በትንሹ ኃጢአት ጉልበቴ እስኪላጥ ሰግጄ ትልቁን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እናት ነኝ፣ ለልጄ ፈርቼ ነው ልበል? ለልጄ ብፈራ ኖሮ ያን ጥያቄ ሰው ፊት ስትጠየቅ ዝም እላለሁ? የፈራሁት ለስሜ ነው።

ትዕግስት ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። እዚያው ቁልቁለት ላይ ቤት ተከራይታ ልጆች ሥዕል ልታስተምር ነው። ክራር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነክታ አታውቅም። ትናንት የበሩን ማጠፊያ ስትፈታ አገኘኋት።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"በሩን እየነቀልኩ ነዋ፣ እማ። ወላጆች እንደዚያ ሰውዬ እንዳይጠረጥሩኝ።" ከዚያ መፍቻውን ይዛ ቆመች። "ምን አድርጎኝ ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅኩ መሰለሽ? ጣቴን ሲይዘኝ ብቻ ነው የሚታወሰኝ። ሌላውን ረስቼው ይሆን?"

ትናንትም ዝም አልኩ።

ስለዚህ ጻፍኩት። ይህን ከማንም በፊት እሷ ታነባለች። ከዚያ አስካለ ቤት እሄዳለሁ፣ ከዚያ አዴ ፋጡማ ዘንድ። መምህር ታምራት የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ያሳየኝና እሱም ዘንድ እሄዳለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት አይደለም፤ ያን ቀን ስለ እኔ ሊለው ይችል የነበረውን ዛሬ ሰው ፊት እንዲለው ነው።

ትዕግስቴ፣ የረሳሽው ነገር የለም። ጣትሽን ብቻ ነው የያዘው። በሩን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ።