የቱርኩ ዜማ እኩሌታ

ትናንት ከእንጅባራ ገበያ ስመለስ የባጃጁ ሹፌር ቫዮሊን ከፍቶ ነበር፤ ያ የሚያላዝን የቱርክ ቫዮሊን። «ዝጋው!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ደንግጦ ዘጋው። ምን ያድርግ፣ የኔን ጉድ በምን ያውቃል?

ያኔ ክረምት ነበር። ቤቱ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ታፍኖ፣ አባቴ መደብ ላይ ተኝቶ ያቃስታል። ዕድሜውን ሙሉ ማሲንቆ ሲመታ የኖረ አዝማሪ ነው። መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ልንወስደው አልቻልንም። የሚያስታግስለት የወንድሜ ቫዮሊን ብቻ ሆነ።

ወንድሜ ቫዮሊን የተማረው ትምህርት ቤት፣ በኖታ ነው። ዳንግላ ያለ ጓደኛው አንድ የዘመኑ ቱርካዊ ቫዮሊን ተጫዋች የተጫወተውን ዜማ እኩሌታውን በቴሌግራም ልኮ፣ «ቀሪውን ነገ» እንዳለው ኔትወርክ ድርግም አለ። ወንድሜ ያችኑ አጠናት። ቫዮሊኑን እንደ ማሲንቆ ጉልበቱ ላይ አቁሞ ሲጫወትለት አባቴ ዓይኑን ይጨፍናል። «ይሄ ሰውዬ ከኛው ወገን ነው፤ አንጀቴን በላው» ይላል። ዜማው እመሃል ላይ ቀጥ ሲል ግን ዓይኑን ይገልጣል።

«ቀሪውስ?»

«ኔትወርክ ሲመለስ አባባ፣ ያኔ እጨርስልዎታለሁ።»

«እስከዚያ ማን ይጠብቅሃል? ከራስህ አምጥተህ ጨርሰው እንጂ! አዝማሪ ዘፈን አንጠልጥሎ ይነሳል?»

ወንድሜ ልቡ ከጅሎ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ወደ ደጅ ጎትቼ አወጣሁትና «እግዜርን ፍራ! በሞት አፋፍ ያለ አባትህን የውሸት ዜማ ልታሰማው ነው?» አልኩት። እኔ አፈኛዋ! ስለ ቫዮሊን የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ብቻ ሰማኝ።

አባቴ በየቀኑ «ቀሪውስ?» እያለ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት አረፈ።

ኔትወርክ የተመለሰው ከአርባው በኋላ ነው። የወንድሜ ስልክ መልእክት ሲያስገባ አጠገቡ ነበርኩ። ዜማ አልነበረም፤ ጓደኛው የጻፈው ነው። «ቀሪውን ልልክልህ ስል ተውኩት። ሰውየው በተጫወተ ቁጥር ከልቡ አዲስ እየፈጠረ ነው አሉ የሚጨርሰው፤ የቱርኮቹ ልማድ እንዲህ ነው። አንተም ከራስህ ጨርሰው» ይላል።

ወንድሜ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ስልኩን ለኔ ሰጥቶኝ ወደ ጓሮ ወጣ።

አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ምናለ አንዴ እንኳ «አንቺ ነሽ» ብሎ ቢሰድበኝ! እስከ ዛሬ «እታለም» እያለ ነው የሚጠራኝ።