ከኩል የወጣው አልኮል

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ከከተማው በስተምሥራቅ ካለው ቤታችን እየተመላለስኩ መናኸሪያ አካባቢ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ተቀጠርኩ። የሱቁ ባለቤት መካ ደርሰው የተመለሱ ሴት ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሀጂያ ይላቸዋል። እናቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት፤ በእኛ ቤት መጠጥም ኩልም ያው «ዓለማዊ» ነው። ሥራውን የፈቀደችልኝ ቅባትና ሻምፑ ብቻ የምሸጥ መስሏት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ሳትነግረኝ መጣች። ሀጂያ የኩል ድንጋይ በሙቀጫ ይወቅጣሉ፣ እኔ በሻሽ እነፋለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ዝም ማለት ግን አልፈጠረብኝም፤ ሰሞኑን ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ዘረገፍኩት።

«ኩል ነዋ። አልኮል የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚህ ነው፤ ዓረቦቹ አል-ኩሕል ይሉታል። ድሮ እርሳስን ወርቅ እናደርጋለን ብለው ሲደክሙ የኖሩ ሰዎች የላመ ዱቄትን ሁሉ በዚህ ስም ጠሩ። ቆይቶ ተጣርቶ የወጣ ነገርም በዚሁ ተጠራ። ወይን አፍልተው ከእንፋሎቱ ያወጡትን የወይን አልኮል አሉት። በኋላ ወይኑ ተረሳና አልኮሉ ብቻ ቀረ።»

ቃል እንደ ሰው አገር ይዞራል፣ ምኑ ያስፈራል ልላት ነበር። እሷ የሰማችው ሌላ ነው።

«እንግዲህ የአረቄ እናት ይሄ ነዋ። ተነሺ፣ እንሂድ።»

ሀጂያ ዘነዘናውን አስቀመጡ። «እህቴ፣ መጠጥ ለእኛም ሐራም ነው። ኩል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እኳላለሁ። ልጅ ሰካራም ወጣ ተብሎ እናት ላይ ይፈረዳል?»

«ይፈረዳል እንጂ። መጀመሪያ የምትጠየቀው እናት ናት። እርስዎ ልጅ የለዎትም?»

«ስድስት።»

«ታዲያ ያውቁታል።»

ሀጂያ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

ይዛኝ ወጣች፤ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስን። ኩሉን አልነበረም የፈራችው፤ እሁድ ከጉባኤ ሲወጡ ሴቶቹ ስለ እኔ የሚጠይቋትን ነው። ገባኝ። ቢገባኝም ግን ቤት ውስጥ ግድግዳ እያየሁ መዋል አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን ሳስር በሩ ላይ ቆመች።

«ወዴት?»

«ሥራ።»

«ቢጠይቁኝስ?»

«ወደ እኔ ላኪያቸው።»

ከበሩ ፈቀቅ አላለችም፤ አልያዘችኝምም። በጎኗ ሾልኬ ወጣሁ።